ፋይሉ እያለ «የለም» ሲባል

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት የ24 ዓመት ፕሮግራመር ላፕቶፕዋ ላይ አፍጥጣለች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ አጭር ነው፦ «ክላሱ አልተገኘም»። ጠዋት የአንድ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መስኮቶች ይከፈታሉ። ሲስተሙ ካልተነሳ አስገቢውም አውጪውም ተሰልፎ ይውላል።

ማኅበሩ ሁለት ዓመት የተገለገለበት ሲስተም ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ኪራይ የሊኑክስ ሰርቨር እንዲዛወር ተወሰነ፤ ሥራው ለእሷ ተሰጠ። ኮዱን የጻፈችው እሷ አይደለችም፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። መጨረሻ የነካችው ግን እሷ ነች። አለቃዋ በስልክ ያላት ይህንኑ ነው፦ «እስከ ትናንት ይሠራ ነበር እኮ! ምን ነካካሽበት?»

ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩ በመዝገብ ቤት ይመሰላል። ሲስተሙ የተሠራው በፒኤችፒ ቋንቋ፣ ላራቬል በሚባለው ፍሬምወርክ ነው። ፕሮግራሙ ክላስ በሚባሉ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ አንዱ ወለድ ያሰላል፣ አንዱ ደረሰኝ ያወጣል። ድሮ ፕሮግራመሩ በየፋይሉ አናት ላይ «ይህን አምጣ፣ ያንን አምጣ» እያለ በእጁ ይዘረዝር ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ፒኤችፒ ኔምስፔስ የሚባለውን አሠራር አስገባ፤ በ2013 ደግሞ ፒኤስአር-4 የተባለው ስምምነት ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የክላሱ ሙሉ ስም ራሱ አድራሻው ነው፦ የትኛው ፎልደር፣ የትኛው ፋይል እንደሆነ ከስሙ ይታወቃል። ኮምፖዘር የሚባለው መሣሪያ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሙን ይሰማና ሄዶ ያመጣል። መዝገቡ ስሙ የሚለው ቦታ ላይ ካላገኘው «የለም» ይላል።

ልጅቷ በመጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ዳምፕ-ኦቶሎድ የምትባለዋን ትእዛዝ፣ ማለትም «መዝገብህን እንደገና አዘጋጅ» የምትለዋን፣ ሰጠች። ይህች ትእዛዝ በሙያው ውስጥ እንደ ፓራሲታሞል ናት፤ የታመመው ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ እሷ ትዋጣለች። አንዳንዴ ታድናለች። ያን ሌሊት አላዳነችም።

ከዚያ በኋላ ነው መሮጡን ትታ ማንበብ የጀመረችው። የጠፋው ክላስ ስም በትክክል ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ግማሹ መልስ እዚያው ውስጥ ነው። ክላሱን የጠራው ፋይል «ዩዝ» የሚለውን መስመር ረስቶ ከሆነ፣ ፒኤችፒ ክላሱን የሚፈልገው ጠሪው ባለበት ኔምስፔስ ስለሆነ ስሕተቱ ላይ የሚወጣው አድራሻ ሌላ ይሆናል። አየችው፤ አድራሻው ትክክል ነው። ፋይሉ አናት ላይ የተጻፈው ኔምስፔስስ ከስሙ ጋር ይስማማል? ይስማማል። ፋይሉስ አለ? አለ! በዓይኗ እያየችው ነው።

መልሱን ያገኘችው ከዳምፕ-ኦቶሎድ በኋላ ከሚወርዱት መስመሮች መካከል ነው። ለሰርቨር የሚሆነውን፣ የተሟላውን መዝገብ እንዲያዘጋጅ ስታዘው ኮምፖዘር አንድ መስመር ጽፏል፦ ይህ ክላስ ያለበት ቦታ ከፒኤስአር-4 ጋር አይስማማም፣ ዘልዬዋለሁ። ኮዱ ውስጥ የፎልደሩ ስም በትልቁ «ኤስ» ይጀምራል፤ ዲስኩ ላይ በትንሹ «ኤስ»። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ ያመጣል። ሊኑክስ ግን ይለያል። ላፕቶፕዋ ላይ ትእዛዙን ስትደግመው ያው ማስጠንቀቂያ እዚያም ወጣ፤ ሲስተሙ ግን እዚያ ይሠራል። ስሕተቱ ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረው በይሉኝታ ነበር።

ማረሙም አላለቀላትም። ላፕቶፕዋ ላይ የፎልደሩን ስም ቀይራ ወደ ሰርቨሩ ላከች፤ ሰርቨሩ ላይ ምንም አልተለወጠም። ዊንዶውስ ላይ ያለው ጊት የፊደል መጠን ብቻ ሲቀየር ለውጡን ለውጥ ብሎ አይቆጥረውም። በመጨረሻ በጊት በራሱ ትእዛዝ ፎልደሩን መጀመሪያ ሌላ ስም ሰጠችው፣ ቀጥሎ ትክክለኛውን ስም መለሰችለት። 10 ሰዓት ላይ የመግቢያው ገጽ ተከፈተ። ምክንያቱን ለአለቃዋ ጻፈችለት። ሲነጋ የመለሰላት አንድ መስመር ነው፦ «ፎልደሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የባለሙያ ወግ ሆኖ ይቀር ነበር። ጠዋት ግን ሲስተሙ መሥራቱን ልታይ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ አንዲት እናት ደብተራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እማማ፣ ስምዎ የለም» አለቻቸው ገንዘብ ያዧ።

«እንዴት ይጠፋል ልጄ? ደብተሬ ይኸው!»

ደብተሩ ላይ ስማቸው በፀሐዩ «ፀ» ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው ሰው በጸሎቱ «ጸ» ነው የጻፈው። ገንዘብ ያዧ ሌላ ፊደል ሞከረች፣ ቀጥላም ሌላ፤ በሦስተኛው ተገኙ። «ሁሌም እንዲህ ነው» አለች ሳትገረም። «ባለፈው አዲስ የመጣችው ልጅ አንዱን አባት ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ ብላ መልሳቸዋለች።»

ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ያየችው ስሕተት ፊት ለፊቷ ቆሟል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ግን ሃሌታው፣ ሐመሩና ብዙኃኑ፣ ንጉሡና እሳቱ አሉት። ለአንባቢ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በወረቀት ዘመን ሰውየውን የሚያውቅ ጸሐፊ ዊንዶውስን ሆኖ ያሳልፍ ነበር። አሁን ባንኩም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው፤ ጥብቁ መዝገብ ቤት በየመስኮቱ እየተቀመጠ ነው። ተወቃሹም ያው መጨረሻ የነካው ነው፤ ወይ ገንዘብ ያዧ፣ ወይ ደብተር የያዙት እናት።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ፎልደር ስሙ ይቀየራል፤ ኮዱ ሥርዓቱን ይከተል ዘንድ ተስማምተው የጻፉት ሰዎች አሉ። እኚያ እናት ግን በምንም ስምምነት ላይ አልፈረሙም። ሥርዓቱ ነው ወደ እሳቸው መምጣት ያለበት።

በዚያው ሳምንት ልጅቷ ፍለጋው ላይ ጥቂት መስመሮች ጨመረች። የተጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ግማሽ ቀን የፈጀ ሥራ ነው። ማንም አላዘዛትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንደ ስሕተት አልቆጠረውም ነበርና፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ አይወጣም፣ ሰው ብቻ ነው ከመስኮት የሚመለሰው።