ታንኳዋን ማን ሰቀላት?

አዲስ አበባ ሳለሁ ጋራዥ ሲባል የሚታየኝ የፈሰሰ ዘይት፣ የተፈታ ሞተርና «ነገ ይደርስልሻል» የሚል መካኒክ ነበር። አሁን በምንኖርባት፣ ከሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን ከተማ ግን ጋራዥ ማለት ከወጥ ቤታችን በአንድ በር ብቻ የሚለይ ክፍል ነው። ስሙ የመኪና ማደሪያ ነው እንጂ የጤፉ ጆንያ፣ የልጅ አልጋው፣ የማይጠቅመው ግን የማይጣለው ዕቃ ሁሉ የሚኖረው እዚያ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥ የአራት ዓመቷ ልጃችን ባለሦስት እግር ብስክሌቷን የምትነዳውም እዚያው ውስጥ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ባለቤቴ የባሕር ዳር ልጅ ነው። እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ የናፈቀው ነገር ምግብ አይደለም፤ ምግቡ ሞልቷል። የናፈቀው ውኃ ላይ መሆን ነው። አንድ ቀን ያገለገለች ብርቱካንማ ካያክ መኪናው አናት ላይ አስሮ መጣ። 3.6 ሜትር ርዝመት፣ 24 ኪሎ ክብደት፣ ጠንካራ ፕላስቲክ። ስሟን ካያክ ብሎ የጠራት ማንም የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ታንኳዋ» ናት። እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው ያላሰበውን ዕቃ እንዲፈልገው ማድረግ እንጀራዬ ነው። ይህችን ታንኳ ግን ለራሴ መሸጥ አቃተኝ።

በበጋ ችግር አልነበረም። የዋሽንግተን ሐይቅ ቅርባችን ነው፤ ጂን ኩሎን የተባለው መናፈሻ ሄደው ከዳርቻው መቅዘፍ ነው። ብርዱ ሲመጣ ግን ታንኳዋ የጋራዡን ወለል ከዳር እስከ ዳር ይዛ ተኛች፤ መኪናዬ ደጅ አደረች። ጠዋት ጠዋት ሥራ እየረፈደብኝ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ስፍቅ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቅዳሜ እንጨቱ የት የት እንዳለ አይቼ እሰቅላታለሁ» አለኝ።

«ቅዳሜ ሠርግ አለብን። ዛሬ ስቀላት። ሁለት መንጠቆ ነው።»

ከዚያ በፊት ባለ ፑሊ መስቀያ ሱቅ ውስጥ አሳይቶኝ ነበር። ዋጋውን አይቼ «ለገመድና ለመንጠቆ ይህን ሁሉ?» ብዬ መደርደሪያው ላይ ያስመለስኩት እኔ ነኝ። የዚያን ማታ ራት ሳይበላ ትራፓኖውን አነሣ። ታንኳዋ ወጣች፣ መኪናዬ ገባች፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆየች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናውን ባለቤቴ ይዞት ወጥቷል። ልጄ ባዶው ወለል ላይ ብስክሌቷን እየነዳች ነበር፤ ውኃ ጠማኝ ብላ ወጥ ቤት መጣች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ጋራዡ ውስጥ አንድ ነገር ዷ! አለ። በሩን ስከፍት ታንኳዋ በአንድ ጫፏ ተንጠልጥላ፣ ሌላው ጫፏ ብስክሌቱ ላይ ወድቋል። የብስክሌቱ መሪ ተጣሟል። ነጭ የጂፕሰም ዱቄት እንደ በሶ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ልጄ ከኋላዬ ሆና «ማሚ፣ ብስክሌቴን ማን ሰበረው?» አለችኝ።

ብስክሌቱን ዳር አድርጌ ወለሉን ጠረግሁ። እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱ በኋላ ሲገባን ቀላል ነበር። አንደኛው መንጠቆ እንጨት ይዟል፤ ሁለተኛው የያዘው ጂፕሰሙን ብቻ ነው። ጂፕሰም ቦርድ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በወረቀት የተለበጠ ኖራ መሰል ነገር ነው። ሥዕል ይሸከማል፤ በየቀኑ የመኪና በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚነቀነቅ ታንኳ ግን አይሸከምም። ብሎኑ በአንድ ቀን አልወለቀም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳበ ነው የወጣው። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ታንኳዋ ወለል ላይ ተመለሰች፤ መኪናዬም ደጅ። ስለ ጉዳዩ ብዙ አልተነጋገርንም። ባለቤቴ ብስክሌቱን ለማቃናት ሁለት ማታ ታገለ፤ አልሆነለትም፤ አዲስ ገዛ።

ለፋሲካ አማቼ ከባሕር ዳር መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሲጠይቁ መልስ እስኪያገኙ አይለቁም። ጋራዡን አይተው «መኪናው ለምን ደጅ ያድራል?» አሉ። ተነገራቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ኮርኒሱ ላይ የቀረውን ቀዳዳ ቀና ብለው እያዩ «ማን ነው የሰቀላት?» አሉ።

«እሱ ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ባለቤቴ አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ምንም አላለም። አባቱ ልጁን በእንግዳ አገር፣ በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ፊት እንደ ተማሪ ገሠጹት። እኔ ቡና ላፈላ ብዬ ገባሁ።

በሳምንቱ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ወዳጃችን መጣ። የመጀመሪያ ሥራው መብሳት አልነበረም፤ ጠንከር ያለች ትንሽ ማግኔት ኮርኒሱ ላይ እያንሸራተተ ሚስማር ፈለገ። ጂፕሰሙ የተመታው እንጨቱ ላይ ስለሆነ የሚስማሩ መስመር የእንጨቱ መስመር ነው። በዚህ አገር ቤቶች እንጨቶቹ ብዙውን ጊዜ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲ ሜትር ነው የሚመጡት፤ የእኛ 60 ሆነ። የጣሪያ እንጨት ሁሉ ከታች ዕቃ እንዲንጠለጠልበት ታስቦ እንደማይሠራም ነገረን። ስለዚህ ሸክሙ አንድ ቦታ እንዳያርፍ ሁለት ጠርቦችን በእንጨቶቹ ላይ አግድም አሰረ፤ እያንዳንዱ ጠርብ ሦስት እንጨት ይዟል። ወፍራሙን ብሎን ከማስገባቱ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ መንገዱን ይከፍትለታል፤ አለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ የጋራዡን በር ከፈተ። ይህን እኛ ጨርሶ አላሰብነውም ነበር፤ በሩ ሲከፈት እየተጠቀለለ ኮርኒሱን ተጠግቶ ነው የሚተኛው። ተዘግቶ ሳለ ባዶ የሚመስለው ቦታ ሲከፈት የበሩ ነው። የመኪናዬን የኋላ በርም አስከፍቶ ከፍታውን ለካ። በመጨረሻ ታንኳዋ ቦታ ያገኘችው ከበሩ ማብቂያ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው።

መስቀያው ያ ሱቅ ያስመለስኩት ዓይነት ባለ ፑሊ ነው። ሁለት ሰፋፊ የጨርቅ ቀበቶዎች ሆዷን ያቅፏታል፤ አንዱ ከአፍንጫዋ፣ አንዱ ከጅራቷ ገባ ብሎ። በመያዣዎቿ አትንጠልጠል፤ ፕላስቲክ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይጎብጣል። ወደ ላይ ከወጣች በኋላ ደግሞ ከፑሊው ገመድ ጋር የማይገናኝ ሌላ ገመድ ለብቻው ያስራታል፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ።

አማቼ መሰላል ይዘው ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። «እኛ ዘንድ ታንኳ ይቆማል እንጂ አይሰቀልም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የጣናው የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ አውጥተው እንዲደርቅ ያቆሙታል። ወዳጃችን ሥራውን ጨርሶ ገመዱን ሲያስር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤

«ሥሯ ማን ይውላል?»

ማናችንም ቶሎ አልመለስንም። ወዳጃችን የወለል ቀለም አምጥቶ ከታንኳዋ ሥር ዙሪያውን ቢጫ መስመር አሰመረ። ገመድ ሲሳብ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ብስክሌት ደግሞ መቼም። ልጄ ሕጉን ከእኛ በላይ ታስከብራለች። መኪናዬን አጣምሜ ባቆምኩ ቁጥር «ማሚ፣ ቢጫ!» ትለኛለች።

ሰዉ ሲገባ እኔና አማቼ ወደ ኋላ ቀረን። «አባባ፣ ያን ጊዜ ቅዳሜ እሰቅላለሁ ሲለኝ ዛሬ ካልሆነ ያልኩት እኔ ነኝ። ደህናውንም መስቀያ ያስመለስኩት እኔ ነኝ። ሲቆጡት ዝም አልኩ» አልኳቸው።

መሰላሉን እያጠፉ ትንሽ ቆዩ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? ለእሱ ንገሪው።»

ማታ ነገርኩት። ዕቃ እያጠበ ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ ሳይዞር። «ግን ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሲገባ ልል እንዳለ እጄ ነግሮኝ ነበር።»

ይህን እስከዚያች ማታ አልነገረኝም። ለስድስት ወር ያህል እኔ የእኔን፣ እሱ የእሱን ይዘን ነው የከረምነው። ሳህኑን ተቀብዬው አደረቅሁ።

ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አወረድናት። እሱ ገመዱን ለቀቅ ለቀቅ ያደርጋል፣ እኔ ጫፏን እጠብቃለሁ፣ ልጄ ከቢጫው መስመር ውጭ የሕይወት አድን ሰደርያዋን ከቤት ጀምራ ለብሳ ትቆጥራለች። በዋሽንግተን ግዛት 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በትንሽ ጀልባ ላይ ሰደርያውን መልበሱ ሕግ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ይለበስ የሚል ግን የለም። ከሐይቁ ፎቶ ለአማቼ ላክን። ማታ ደወሉ፤ ስለ ፎቶው አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ስትመለሱ ሰቀላችኋት?»

«አጥበን፣ አድርቀን ሰቀልናት፣ አባባ።»

«ሁለተኛውን ገመድስ? አየሽው?»

«አየሁት» አልኳቸው። ስልኩን እንደያዝኩ ነበር ወደ ጋራዡ የወጣሁት።