ደንጊያና ሳር

ወደ ገዳሪፍ ለሚገባ መንገደኛ ከሩቅ ዓይኑን የሚይዘው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሳይሆን የእህል ጎተራ ነው። ሱዳኖች «ሶማአ» የሚሉት ያ የሲሚንቶ ግንብ ከማሽላና ከሰሊጥ አገር መካከል ተገትሮ ይታያል። «እዚህስ ከፈጣሪ ቤት የማሽላ ቤት ይበልጣል» ብሎ ማማት ይቻላል። ሐሜቱ ግን አያስኬድም። በዚህ ድንበር የሐበሻ ስደተኛ ጸሎት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በእንጨትና በሳር ነው። ሳር ደግሞ ከሩቅ አይታይም፤ ቆይተው ቢመለሱም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት አሮጌ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ታዲያ ገዳሪፍን ከእሷ ጋር ምን አገናኛት? መንገዷ። ከጎንደር በመተማ፣ ከመተማ በገላባትና በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ካርቱም የሚወርደው ይህ መንገድ ነጋዴ፣ ወታደርና ስደተኛ አመላልሷል። አንድ ዘመን ላይ ደግሞ በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ጀርመንኛ ተናጋሪዎችን አምጥቷል።

የእነዚህ ሰዎች መነሻ ባዝል ከተማ አጠገብ ያለች የኮረብታ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቅድስት ክሪሾና ትባላለች። መሬቷ የስዊዘርላንድ ነው፤ ቋንቋዋ ግን ጀርመንኛ፣ ጎረቤቷም ጀርመን። የአካባቢው አፈ ታሪክ ክሪሾና፣ ኦቲሊያና ማርጋሬታ የተባሉ ሦስት ደናግል በሦስት ኮረብታ ላይ መንነው ሲኖሩ፣ ማታ ማታ መብራት እያበሩ ደኅንነታቸውን ይነጋገሩ እንደነበር ይተርካል። በሦስቱም ኮረብታ ቤተ ክርስቲያን አለ። የኦቲሊያ ኮረብታ ቱሊንገን ዛሬ ጀርመን ውስጥ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም የመንደሩ አጥቢያ ናት። ሁለቱ በስዊስ በኩል ቀርተዋል። ድንበር እዚያም ቢሆን ቅዱሳንን አማክሮ አልተሰመረም።

ክሪሾና አሁን ባላት መልክ የተሠራችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ጎቲክ የሚባለው አሠራር ማምሻ ላይ መሆኑ ነው። ይህ አሠራር መስኮቱን ረጅምና ጠባብ አድርጎ አናቱን ያሾለዋል፤ ሕዝቡን በረጅም አዳራሽ አሰልፎ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መሠዊያው ይመልሰዋል። ግንበኞቹ ለዘላለም የሠሩ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1529 ግን ባዝል የተሐድሶን እምነት ተቀበለች፤ የቅዱሳን ጉዞ ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ተሳላሚ አጥታ ለዘመናት ተጎሳቆለች። ደንጊያው ቀረ፤ አገልግሎቱ ግን ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1840 ክርስቲያን ፍሪድሪሕ ሽፒትለር የተባለ የቩርተምበርግ ሰው እዚያች ያረጀች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚስዮን ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ በሙያቸው ራሳቸውን እያኖሩ እንዲሰብኩ ነበር የታሰበው። ከዚያም ትልቅ ሕልም መጣ፤ «የሐዋርያት መንገድ»። ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር 12 ጣቢያ ይቋቋማል፤ እያንዳንዱም በአንድ ሐዋርያ ስም ይጠራል። መተማ ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች።

መተማ በዚያ ዘመን ለሰባኪ ቀላል ቦታ አልነበረችም። ተክሩር የሚባሉ ከምዕራብ የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት፣ ለግብፅም ለኢትዮጵያም የምትገብር፣ ቡና፣ ጥጥ፣ ማርና ሰም ብቻ ሳይሆን ባሪያም የሚሸጥባት ገበያ ነበረች። ከክረምቱ በኋላ የሚነሣው ንዳድ ደግሞ እንግዳና ባለ አገር አይለይም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ሲያልፍ ጀርመናውያን ሚስዮናውያንን እዚያ አግኝቷል፤ አንዱ ቀጥቃጭ ነበር። ከመቅደላው ውጊያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ በኢትዮጵያ የነበሩት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ መንገዱ መድረሻውን አጣ። ከመተማው ጣቢያ ዛሬ ለዓይን የሚሞላ ግንብ አልተረፈም። እንዲያውም ከክሪሾና የመጡት ባለ እጆች በኢትዮጵያ የሚታወሱት በቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ወደው በጋፋት ባሠሯቸው በሴባስቶፖል መድፍ ነው።

ያው የመተማ መንገድ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አመላለሰ። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የሚባለው የሱዳን ጦር በእሱ ገብቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በእሱ ወርደው መተማ ላይ ወደቁ።

የጀርመን እጅ ያረፈበት ቤተ ክርስቲያን ማየት የፈለገ ከዚህ መንገድ ወደ ስሜን ተራራ፣ ወደ ጃናሞራ ይውጣ። ደረስጌ ማርያም እዚያ ናት። የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ሲያሠሯት ሥራውን የመራው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ የገባ ጀርመናዊ ዕፀዋት ለቃሚ ነበር፤ ትዳሩንም እዚሁ መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ።  ቤተ ክርስቲያኗን ውቤ ለራሳቸው ዘውድ እንዳሰናዷት ይነገራል። ሆኖም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በተቀናቃኛቸው በካሳ ድል ተነሡ፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም እዚያው ካሳን ቀብተው ቴዎድሮስ አሏቸው። ድግሱን አንዱ ደገሰ፣ ሌላው በላ።

እኔን ከንግሡ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በጀርመናዊ አመራር የተሠራችው ደረስጌ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን አልሆነችም። ክብ ናት፤ መቅደሷ በሥዕል አሸብርቋል። ምክንያቱም የቤቱን ልክ የወሰነው ቅዳሴው እንጂ ግንበኛው አይደለም። ታቦቱ በመካከል ይሆናል፤ ቆራቢው ከቅድስት ይቆማል፤ መዘምራኑ በቅኔ ማኅሌት ይወርባሉ፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ይከባል። በረጅሙ የጎቲክ አዳራሽ ምእመኑ ከኋላ ሆኖ ወደ ፊት ያያል፤ በእኛ ክብ ቤት ግን ታቦቱን መካከል አድርጎ ይቆማል። ሺምፐር ደንጊያውን በፈለገው መንገድ ማስጠረብ ይችላል፤ መቅደሱን ከመካከል ማንሣት ግን አይችልም።

ክቡ ቅርጽ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በገዳሪፍ ገጠር የሱዳኑ ገበሬ የሚኖርባት ቁጢያ እንደኛው ጎጆ ክብ ናት፤ ሳር ክዳን፣ ሾጣጣ አናት። ሙስሊሙ ይኖርባታል፤ ክርስቲያኑ በአምሳያዋ ይቀድሳል። ከውጭ ላየ ልዩነታቸው ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ ከመጋረጃው ወዲያ ነው።

ይህን ስደተኛው በሚገባ ያውቀዋል። በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ስደተኞችን ያስጠለለው የኡም ራኩባ መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከትግራይ ያፈናቀላቸውን ሰዎች እንደገና ሲቀበል፣ ሰዎቹ ገና ድንኳናቸው ሳይጸና እሑድ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው በአቅራቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። የክሪሾና ሰዎች ደንጊያ ነበራቸው፤ ተሳላሚ ግን አጡ። የኡም ራኩባ ሰዎች ደንጊያ የላቸውም፤ ተሳላሚ ግን ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያንን የሚያቆመው አገልግሎቱ ነው፤ በዚህ እኔ አልጠራጠርም።

የሳር ቤት ግን አንድ በደል አለበት፤ ፍርስራሽ አይተውም። ክሪሾናን ደንጊያዋ ይመሰክርላታል። ለደረስጌ የታሪክ ምሁሯ ዶሮቴያ ማክዩዋን እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ መጽሐፍ አሳትመውላታል። በገዳሪፍ ዙሪያ በየመጠለያውና በየእርሻ ካምፑ ስለተቀደሰባቸው ጎጆዎች ግን ማን ጻፈ? ጣሪያው በአንድ ክረምት ይረግፋል፤ ምስጥ ምሰሶውን ይበላል፤ ካህኑ ወደ ሌላ አገር ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በኡም ራኩባ የኖራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጻፉ። የየትኛው ቅዱስ ቤት እንደነበረ፣ የት እንደቆመ፣ ማን እንደቀደሰበት፣ እንጨቱን እነማን እንደቆረጡ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራና እንደፈረሰ ጻፉ። አንድ ደብተር ይበቃል፤ በሳር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ከጽሑፍ ሌላ ግድግዳ የለውምና።