ጭስ ሁሉ የእሳት ምስክር ነውን?



ደምበል አካባቢ ባለው መስጂዳችን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው አጭር ጊዜ ከወጣቶች ጋር ለደርስ እንቀመጣለን። ባለፈው ሰሞን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከደርሱ በኋላ ስልኩን ዘረጋልኝ። ቪዲዮ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ እንደ ዕጣን ጭስ የሚጠማዘዝ የጋላክሲ ምስል ይታያል። ከጀርባው የሱረቱ ፉሲለት 11ኛ አንቀጽ ይቀራል። ከሥሩ ደግሞ ሳይንቲስቶች ቁርኣን ያወሳውን ዱኻን ዛሬ በዓይናቸው አዩት የሚል ተጽፏል። «ኡስታዝ፣ እውነት ነው አይደል? ለክፍል ልጆች ልልከው ነው» አለኝ።

«እስቲ ቆየኝ፣ አትላከው» አልኩት። ለምን እንዳልኩት ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ምስሉስ እውነተኛ ነው። ጀምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የ19 ጎረቤት ጋላክሲዎች ምስል አንድ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ልጁ ያሳየኝ ከእነሱ አንዱ፣ ኤም 74 የሚባለው ነው። «ጎረቤት» ሲባል ግን አትሳቱ፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ብርቱካናማው ቀለም የባለሙያዎች ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ቴሌስኮፑ ያየውን ብርሃን የሰው ዓይን ከቶ አያየውም። ኢንፍራሬድ ይባላል። ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በመስታወት በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ሲጨምር አገኘው። በኮሮና ጊዜ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ግንባራችን ላይ ይደግናት የነበረችው መሣሪያም የምታነበው ይህንኑ ነው። እኛም በጨለማ ተቀምጠን እንኳ ኢንፍራሬድ እንረጫለን።

ታዲያ በጋላክሲው ውስጥ ይህን የሚረጨው ምንድን ነው? አቧራ። ካዛንቺስ በፈረሰ ሰሞን በአቧራው ውስጥ የመኪና መብራት እንዴት ደብዝዞ ወደ ቀይ እንደሚያደላ ያየ ሰው ግማሹን ነገር ያውቀዋል። የጠፈሩ አቧራ ግን እጅግ የላመ ነው። አንዷ ቅንጣት ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ታንሳለች፤ በመጠን ከመንገድ አቧራ ይልቅ ለጭስ ትቀርባለች። አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱት በዚህ በተሸፈነ የጋዝ ደመና ውስጥ ነው። ከሚወለዱት መካከል ግዙፎቹ አልትራቫዮሌት ጨረር በብዛት ያፈልቃሉ። አቧራው ጨረሩን ውጦ ይሞቃል፣ ከሞቀም በኋላ መልሶ በኢንፍራሬድ ይለቀዋል። (ሞቀ ሲባል ከዜሮ በታች 220 እና 240 ዲግሪ ነው፤ እነሱ ዘንድ ሙቀት ይኼ ነው።)

እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። ላየው ሰው የጠፋ ይመስላል። እጅህን ከላዩ ስታደርግ ግን እንዳልጠፋ ታውቃለህ። የከዋክብት ተመራማሪም የሚያደርገው ይህንን ነው፦ የተዳፈነውን ኮከብ ማየት ባይችል የአመዱን ሙቀት ይለካል። ግዙፍ ኮከብ ዕድሜው አጭር ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነዶ ያልቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮከብ ያሞቀው አቧራ ከተገኘ፣ ልደቱ የቅርብ ነው ማለት ነው።

ሮበርት ኬኒከት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን በቁጥር አስቀመጠው። አንድ ጋላክሲ በኢንፍራሬድ የ6 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል ብርሃን ካወጣ፣ በየዓመቱ አንድ ፀሐይ የሚያክል ጋዝ ወደ ከዋክብት እየተለወጠ ነው። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኘው ኤም 82 በዚህ ስሌት በዓመት 10 ፀሐይ ያህል ይወልዳል፤ ከኛ ጋላክሲ በብዙ እጥፍ ማለት ነው።

መድረሳ መንጢቅ የቀራችሁ ይህች ነገር ሳትታወሳችሁ አትቀርም። (መንጢቅን የማትወዱ ወንድሞች ለአንድ አንቀጽ ታገሱኝ።) ከውጤት ተነስቶ ወደ ሰበቡ የሚሄድ ማስረጃ ቡርሃን ኢንኒ ይባላል። ሸኾቻችን የሚሰጡት ምሳሌም ራሱ ዱኻን ነው፤ ጭስ አየሁ፣ እሳት አለ። ከዚያ ደረሳው ይጠየቃል፦ ጭስ ሁሉ ከእሳት ነው? ጭስ ከሌለስ እሳት የለም? ዕጣን የጨሰበት ቤት ወጥ እየተሠራ ላይሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት ደግሞ ጭስ የለውም፣ እንጀራው ግን አለ።

የሚገርመኝ ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ጥያቄ በራሳቸው ቁጥር ላይ ማንሳታቸው ነው። ኬኒከት ራሱ ስሌቱ በትክክል የሚሠራው በአቧራ ተሸፍነው በኃይል ለሚወልዱ ጋላክሲዎች መሆኑን ገልጿል። የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እንውሰድ። በመሃሏ ያለውን አቧራ የሚያሞቁት በአብዛኛው ያረጁ ከዋክብት ናቸው። ሙቀቱ አለ፣ ልደቱ ግን የለም። በተቃራኒው አቧራ የሌላቸው ትናንሽ ጋላክሲዎች ኮከብ እየወለዱም በኢንፍራሬድ ደብዛዛ ናቸው፤ የሚዳፍናቸው አመድ የላቸውማ። ስለዚህ እነ ዳንኤላ ካልዜቲ ሁለት ምስክር ማቅረብ ጀመሩ። አንደኛው በአቧራው ቀዳዳ ያመለጠው የሃይድሮጂን ቀይ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የለካው የአቧራው ሙቀት ነው። የታየውና የተሸሸገው ተደምረው ሒሳቡ ይያዛል። አንድ ምስክር ብቻውን የማይበቃበት ጉዳይ እንዳለ እኛም በፊቅህ እናውቃለን።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንመለስ። ኢብን ከሢር በተፍሲራቸው በዚያ አንቀጽ ያለውን ዱኻን ከውሃ የወጣ እንፋሎት በማለት ነው የሚያብራሩት። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሰማያት አፈጣጠር መጀመሪያ ነው። በምስሉ ላይ ያለው አቧራ ግን ካርቦንና ሲሊኮን ያለበት ነው፤ እነዚህ የሚሠሩት በከዋክብት ሆድ ውስጥ ሲሆን የሚበተኑት ደግሞ ኮከቡ ሲያረጅና ሲሞት ነው። ማለትም ይህ አቧራ ከብዙ ከዋክብት በኋላ የመጣ እንጂ ከሰማያት በፊት የነበረ አይደለም። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የኋላውን ወደ ፊት አምጥቶታል። ኒያው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን አይቆምም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው ኡስታዝ፣ ሰው ኢማኑ ከጨመረ?» አለኝ ልጁ። ችግሩ ያንተ የፊዚክስ መምህር ነው አልኩት። ነገ ያ መምህር አቧራው ከየት እንደመጣ ቢያስረዳ፣ በቪዲዮው ላይ የተንጠለጠለው ኢማን ምን ይሆናል? የአላህ ቃል ላይ የምናስደግፈው መሰላል የኛ ነው፤ መሰላሉ ሲወድቅ የሚጎዳው የወጣው ልጅ ነው። ስለ አላህ ኪታብ ያለ ዕውቀት መናገር ደግሞ በላይክና በሼር ብዛት አይቀልም። ሰማይን አስተውሉ የተባልነውን ትእዛዝ በስልክ ሼር ማድረግ ብቻ የፈጸምነው ከመሰለን ተሸውደናል።

የሥራው በር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከደምበል ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የከተማችን መብራት ያስቸግራቸዋል፤ ሩቁን ኢንፍራሬድ ደግሞ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ስለሚውጠው ከየትኛውም ተራራ አይታይም። ለዚህ ነው ሳተላይት የሚያስፈልገው። ሆኖም የሳተላይቶቹ መረጃ በነፃ ክፍት ነው። በኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ትሠራ የነበረችው ሚርያና ፖቪች ከሩዋንዳዊው አንትዋን ማሆሮ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመችው ጥናት አለ። ኸርሸል በተባለው ሳተላይት የኢንፍራሬድ መረጃ፣ በመሃላቸው ንቁ ጥቁር ጉድጓድ ያለባቸው ጋላክሲዎች ኮከብ መውለዳቸውን እንዳላቆሙ ያሳዩበት ነው። ለዚህ ሥራ የራሳቸው ሳተላይት አላስፈለጋቸውም፤ ሒሳብ፣ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነበራቸው።

ልጁ ቪዲዮውን አልላከውም፤ ግን «ታዲያ ምን ልላክ?» ብሎ ያዘኝ። ይህችን ላክላቸው አልኩት። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 ገደማ በጻፉት የከዋክብት ኪታባቸው አንድሮሜዳን እንደ ትንሽ ደመና መዝግበዋታል፤ ያለ ቴሌስኮፕ፣ በባዶ ዓይን። የኛ ቂብላ ከሰሜን ለጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። በኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደግሞ አንድሮሜዳ በዚያው በሰሜን በኩል፣ ከአድማስ ከግማሽ በላይ ከፍ ብላ ትቆማለች። ከደምበል መብራት ሥር አትታይም። ወሎም ሆነ ስልጤ ገጠር ዘመድ ያለው ሰው፣ ጨረቃ በማታስቸግርበት በሂጅራው ወር መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቀናት፣ ከዒሻ በኋላ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዙር፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ይታገስ።