ስለ ተመለሰ መዝገብ

በአሜሪካ አገር በውትድርና ሲያገለግል አካሉ የተጎዳ ሰው ከመንግሥት የጉዳት ካሣ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ ቢከለክለው በዋሽንግተን ላለው የይግባኝ ጉባኤ ያመለክታል። ጉባኤውም ብዙ ጊዜ አይፈቅድለትም፥ አይከለክለውምም፤ ሐኪም ደግሞ ይመርምረው ብሎ መዝገቡን ይመልሳል።

የባለጉዳዮቹ ስም ሳይጠቀስ የሚታተሙትን ውሳኔዎች ሳነብ ያደግሁበት የቅኔ ጉባኤ ትዝ አለኝ። ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ሲነግር መምህሩ ሊመልስበት ይችላል፤ ነገር ግን ቤት አልመታም ወይም ምሥጢሩ አልተያያዘም ብሎ ጉድለቱን ያሳየዋል እንጂ እንዲሁ ሂድ አይለውም።

በዚያም አገር ሕጉ ከዚህ ጋር ይስማማል። ጆሮው በመድፍ ድምፅ ስለ ደነቈረ ወታደር አንድ ሐኪም «ሲሰናበት መስማቱ ደኅና ነበርና ከአገልግሎቱ የመጣ አይደለም» ብሎ ቢጽፍ፥ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ በ1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፍርድ ቤት እንዲህ ወስኗልና። በ2007 ደግሞ መንግሥት ምርመራ ካዘዘ ምርመራው የተሟላ መሆን አለበት ተባለ፤ በ2008ም የሐኪም ቃል የሚከብደው በምክንያቱ ነው ተባለ። ቁስሉ ሰም፥ የቁስሉ መነሻ ወርቅ ነውና፥ ሰሙን ብቻ አይቶ የጻፈ ሐኪም ሥራው ቢመለስበት ይገባል።

ስለዚህ መመለሱን አልነቅፍም፤ ብዙውን ባለጉዳይ ከክልከላ ያድነዋልና። ነገር ግን ያው ሕግ ሌላም ቃል አለው፤ የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ በተተካከለ ጊዜ ጥርጥሩ ለወታደሩ ይሁን ይላል። እንግዲህ ሚዛኑ አስቀድሞ ትክክል ቆሞ ሳለ ሌላ ሐኪም መጥራት የመከልከያ ምክንያት ፍለጋ እንዳይሆን ያስፈራል። በ2003 ፍርድ ቤቱ ባለጉዳዩን ለመቃወም ብቻ ማስረጃ መፈለግ አይገባም ያለው ስለዚህ ነው።

ደግሞም ቀጠሮ ዕድሜ ይበላል። በ1975 በተፈጸመው የቬትናም ጦርነት የተዋጉት ዛሬ ሽማግሎች ናቸው። ባለጉዳዩ ሳይፈረድለት ቢሞት ሚስቱ በእርሱ ስፍራ ገብታ ጉዳዩን እንድትቀጥል በ2008 ሕግ ወጥቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚመረምረው ሰውየውን አይደለም፥ ወረቀቱን ነው።

ስለዚህ መዝገብ የሚመልስ ዳኛ ሳይፈርም አስቀድሞ ራሱን ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ የጎደለው ምንድር ነው? ምንም ካልጎደለስ ጥርጥሩ የማን ነው?