ስንቅ ይዞ ወደ ዮርክ

ከአገር ቤት እናቱን ወይም አባቱን ለጉብኝት ያስመጣ ሰው ይህን ያውቃል። ቪዛው ስድስት ወር ቢልም ወሮቹ እንደ ሳምንት ይሮጣሉ። እኛ ሥራ እንውላለን፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ እንግዳችን ደግሞ መስኮት ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ። «አንድ ቦታ እንውሰዳቸው» የሚል ሐሳብ ሲነሳ «እዚህ አገር ምን ርካሽ ነገር አለ?» የሚለው መልስ ይከተላል። እንግሊዝ አገር ኑሮ ውድ መሆኑን አልክድም። ቢሆንም እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ዮርክ በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ሁለት ሌሊት አድረን፣ ኪሳችን ሳይራቆት ተመልሰናል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ መንገዱ። ዮርክ ከለንደን በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ትርቃለች። ሳምንታት ቀደም ብሎ የተቆረጠ ቲኬት በዕለቱ ከሚቆረጠው በእጅጉ ይረክሳል። ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ «ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ» የተባለውን የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጡ። ለአዋቂ ከዋጋው ሲሶውን፣ ለልጅ 60 በመቶውን ይቀንሳል፤ አንዱ ካርድ እስከ አራት አዋቂና አራት ልጅ ስለሚይዝ እማማም ይገቡበታል። አውቶቡስ ከዚህም ሊረክስ ይችላል፤ ግን ግማሽ ቀን ይበላል፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው አይመከርም።

ቀጥሎ ማደሪያ። የዮርክ መሐል ከተማ በጥንት ግንብ የተከበበ ነው። ግንቡ ውስጥ ያሉት ሆቴሎች ውድ ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ይልቁንም በኦገስት የፈረስ እሽቅድምድም ሰሞን፣ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። እኛ እሑድ ገብተን ማክሰኞ ወጣን። ያረፍነው ከግንቡ ውጭ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር በሚያስኬድ ሆስቴል ነው። ግንቡ ውስጥ ለአንድ የቅዳሜ ሌሊት የተጠየቅነው ገንዘብ እዚያ ለሁለት ሌሊት በቃን። ስሙ «የወጣቶች ማረፊያ» ስለሆነ ብዙ ሰው ለተማሪ ብቻ ይመስለዋል። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የቤተሰብ ክፍል አላቸው፤ አዛውንትም ሕፃንም ያርፍባቸዋል። ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ ለብቻችሁ መሆኑን፣ መጸዳጃው የግል ወይም የጋራ መሆኑን፣ ማብሰያ ቤት መኖሩን። እናቴ ከተደራራቢው አልጋ የታችኛውን ያዘች፤ ልጆቹ በላይኛው ተጣሉ።

ማብሰያ ቤት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ለአምስት ሰው ሁለት ቀን ምግብ ቤት መብላት ከአልጋው ይበልጣል። እማዬ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጣሳ ሽሮ ይዛ ነበር የመጣችው። ማታ ሽሮው ሲንተከተክ ሽታው የሳባቸው ሁለት የሌላ አገር ተጓዦች ቀምሰው፣ ደግመው ሄዱ።

አሁን ወደሚታየው እንምጣ። የከተማዋ ግንብ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ላዩ ላይ በነፃ ይኬዳል። ደረጃው ለጉልበት አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዱ ቦታም መከለያ ስለሌለው ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ሁሉን መዞር ካልቻላችሁ ከቡዛም ባር እስከ መንክ ባር ያለውን ብቻ ሂዱ፤ ካቴድራሉ ከነአትክልቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው። ብሔራዊ የባቡር ሙዚየምም በነፃ ነው። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር በረው የእንፋሎት ባቡሮችን ክብረ ወሰን የያዙባትን «ማላርድ»ን ልጆቼ ከዚያ አልለቅም አሉ።

ካቴድራሉ ዮርክ ሚንስተር ይባላል። በ1220 አካባቢ ተጀምሮ በ1472 ተመረቀ። ጎብኚ ሆኖ ለመግባት ይከፈላል። እማዬ ይህን ስትሰማ «ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይከፈላል እንዴ?» ብላ ቆመች። ለጸሎት የሚገባ ግን አይከፍልም። በአብዛኛዎቹ የሥራ ቀናት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 11፡30 ላይ በመዘምራን የሚካሄድ የሠርክ ጸሎት አለ፤ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ወንበር ቢሰጧትም አብዛኛውን ቆማ ሰማችው። አንዲት ቃል ሳትገባት «ዜማ አላቸው» አለችኝ።

በማግስቱ ለእሷና ለእኔ ከፈልኩ። ገንዘብ የምታወጡበትን አንድ ነገር ምረጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ከ1405 እስከ 1408 የተሠራው ታላቁ የምሥራቅ መስኮት፣ ከዓለም መፈጠር እስከ ዮሐንስ ራእይ ያለውን በባለቀለም መስታወት ይተርካል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስታነብ ያደገች ሴት አስጎብኚ አላስፈለጋትም፤ ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት።

ከካቴድራሉ በስተደቡብ፣ ከደጅ፣ አንድ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል፤ የተሰበረው ሰይፉ የመስቀል ቅርጽ ይሠራል። ቆስጠንጢኖስ ነው። አባቱ እዚህ ከተማ በ306 ሲሞት ወታደሮቹ ንጉሠ ነገሥት ያሉት እዚሁ ነው። ይህን ስተረጉምላት እማዬ ትክ ብላ አየችው። «የእሌኒ ልጅ? የመስቀሏ እሌኒ?» በየዓመቱ መስከረም ደመራ ሲለኮስ ስሟን ስትሰማ የኖረች ሴት፣ የልጇን ደጅ እንግሊዝ አገር አገኘችው። እሱን ለማየት አንድ ፔኒ አይከፈልም። እኅቷ ጋ ደውላ ያወራችው ስለ ለንደን ሳይሆን ስለዚህ ነው።

ለበጋም ቢሆን ጃንጥላና ጋቢ ያዙ፤ የወንዙ ዳር ነፋስ አይጣል ነው። ቲኬቱን ዛሬ ማታ ተመልከቱ። እማማን ግን አስቀድማችሁ አታማክሯቸው፤ «ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ እኔ እዚሁ ይበቃኛል» እንደሚሉ እናንተም ታውቃላችሁ።