ድምፅን የሚያቀጥን ቀዶ ሕክምና፦ ማገገሙ ለእኔ እንዴት ነበር?



እኔ ትራንስጀንደር ሴት ነኝ። ስወለድ ወንድ ተብዬ ተመዝግቤ ያደግኩ፣ ዛሬ ግን በሴትነቴ የምኖር ማለት ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ባለፈው ጥቅምት ድምፄን ለማቅጠን ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። ከዚያ በፊት በአማርኛ የሚነበብ ነገር ብፈልግ አጣሁ። ዶክተር ስለ ማገገሙ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ እሺ ያልኩት ለዚህ ነው። ታካሚ ብቻ ሳይሆን የታካሚ እናት፣ አባት፣ እህት የሆነ ሰውም እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ የማገገሙን ግማሽ የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ "ሆርሞን ትወስጂ የለ እንዴ፣ ድምፅሽ ለምን ራሱ አይቀጥንም?" ብሎ ነው። አይቀጥንም። ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ማንቁርቱን ያሳድገዋል፤ የድምፅ አውታሮቹንም ያረዝማል፣ ያወፍራል። "ጎረነነ" የምንለው ይህንን ነው። የአዋቂ ወንድ የድምፅ አውታር ሲናገር በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የሴት ደግሞ ከ180 እስከ 220 ገደማ። አንዴ የጎረነነ ድምፅ በኋላ ኤስትሮጅን ስለተወሰደ ወደ ኋላ አይመለስም። ያለው መንገድ ሥልጠና ወይም ቀዶ ሕክምና ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም በየተራ።

እኔ መጀመሪያ 14 ወር ከንግግር ቴራፒስት ጋር ሠልጥኛለሁ። በሥልጠና ብቻ የፈለጉትን የሚያገኙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ድምፃቸውን መለወጥ ጭራሽ የማይፈልጉም አሉ። እኔንም ጠቅሞኛል፤ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። ቴራፒስቷ አማርኛ ስለማትችል ልምምዱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሳወራ የሠለጠነው ድምፅ ይወጣል፤ እህቴ ደውላ "ምሳ በላሽ?" ስትለኝ የምመልሰው ግን በድሮው ነው። ሲደክመኝ፣ ስስቅ፣ ከእንቅልፌ ስቀሰቀስም እንደዚያው።

አማርኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አይምርም። ፈረንጅ ስልክ ላይ "ዩ" ብሎ ያልፋል። የእኛ ሰው ግን "ሄሎ" የሚለውን ሰምቶ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወይ "ስሚኝማ" ወይ "ስማኝማ" ማለት አለበት። ፋርማሲያችን የሐበሻ ደንበኛ ብዙ ነው። በስልክ "ወንድሜ፣ መድኃኒቴ ደርሷል?" ያለኝ ሰው መጥቶ ሲያየኝ ይደነግጣል፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። ይህ በቀን አሥር ጊዜ ሲሆን ያደክማል።

ቀዶ ሕክምናው ግሎቶፕላስቲ ይባላል። በርሊን ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ዩርገን ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ያስተዋወቀው ነው። አንገት አይቀደድም። በሙሉ ሰመመን ተኝቼ ሐኪሜ በአፌ በኩል ገብታ የሁለቱን የድምፅ አውታሮች የፊት ክፍል ስስ ልባስ ካነሳች በኋላ እርስ በርስ ሰፋቻቸው። የተሰፋው ሲድን ይገጥማል፤ የሚርገበገበው ከኋላ የቀረው አጭሩ ክፍል ብቻ ይሆናል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ ወደ ታች ባወረደ ቁጥር ድምፁ እንደሚቀጥነው ማለት ነው። በአንገት በኩል ተከፍቶ የሚሠራ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ግን በጊዜ ብዛት ድምፁ መልሶ የሚወርድባቸው ታካሚዎች ስላሉ ሐኪሜ አልመረጠችውም።

ከመፈረሜ በፊት የነገረችኝን ለእናንተም ልንገራችሁ። ድምፅ ሊሻክር ይችላል። ስፌቱ ሊፈታ ይችላል። ጮክ ብሎ መናገር ሊያቅት ይችላል። የጉሮሮና የአፍ ስፋት ስለማይቀየር ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን የሴት ድምፅ አይሰጥም፤ ሥልጠናው ይቀጥላል። (የኢንሹራንሱን ጣጣ እዚህ አላነሳውም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የዚያኑ ቀን ማታ ቤቴ ገባሁ። ጉሮሮዬ እንደ ቶንሲል ያመኝ ነበር፤ መሣሪያው ተጭኖት ስለቆየ ምላሴም ደንዝዞ ነበር። ይህ በአራት ቀን አለፈ። ከባዱ ዝምታው ነበር።

ለ14 ቀን መናገር የለም። ማንሾካሾክ የለም፤ እንዲያውም ሹክሹክታ አውታሮቹን ያደክማል ተብያለሁ። ማሳል፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ ማንጎራጎር፣ መሳቅ የለም። ከባድ ዕቃ ማንሳትም ክልክል ነው፤ ሰው ሸክም ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትንፋሽ ሲያዝ አውታሮቹ በኃይል ይጋጠማሉ። ስለዚህ የጤፍ ዱቄቱን ከመኪና ያወጣችው እህቴ ናት። ከቨርጂኒያ መጥታ አብራኝ ሰነበተች።

አንድ ነገር ግን ሐኪሟም ዝርዝሯ ውስጥ አልጻፈችውም። እኛ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን "አዎ" የምንለው ነገር አለ አይደል? ለምርመራ በሄድኩ ጊዜ አንድ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ሳላስበው እንደዚያ መለስኩላት። ትን ያለኝ መስሏት ከወንበሯ ተነሣች። እህቴ ስትተረጉምላት "እሱም ይቁም" አለች። ሐበሻ ሆኖ ይህንን ማቆም ከቡና ይከብዳል።

ቡናም ተከልክሎ ነበር፤ በርበሬና ሚጥሚጣም፣ ለስድስት ሳምንት። ምክንያቱ የጨጓራ አሲድ ነው፤ ወደ ላይ ሲመለስ ቁስሉን ያቃጥለዋል። አጥሚት፣ እርጎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ፣ በኋላም የድንች አልጫ በላሁ። ማታ የምተኛው ትራሴን ከፍ አድርጌ ነው።

ወዳጅ ዘመድ ማር በዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ ምን የማይልክ አለ። ልባቸው ይባረክ፤ ግን ስንውጥ ማንቁርታችን ይዘጋል፣ የምንውጠው ነገር በኋላ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ ያልፋል። ማሩ ቁስሉ ላይ አይደርስም። ውኃ ብዙ መጠጣት የሚጠቅመው መላ ሰውነትን ስለሚያረጥብ ነው። በቀጥታ የሚደርሰው የምንተነፍሰው አየር ነው፤ ስለዚህ መኝታ ቤቴ ውስጥ አየር የሚያረጥብ ማሽን ሌሊቱን ይሠራል። ጭስም የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነው። እህቴ ለራሷ ቡና ስታፈላ እጣኑን የተወችው ለዚህ ነው፤ ለእሷ ቀላል መሥዋዕትነት አልነበረም።

የሚያስታምም ሰው አንድ ነገር ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፦ "አዎ" ወይም "አይ" ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ምን ትበያለሽ?" አይባልም፤ "ሾርባ ላምጣ?" ይባላል። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሰው በረሃብና በእንቅልፍ ሰዓት ድርሰት መጻፍ አይፈልግም። በስድስተኛው ቀን ውኃ ስጠጣ ትን አለኝ። እህቴ ጀርባዬን ከመምታት ይልቅ ብርጭቆውን አቀበለችኝና በትንሽ በትንሹ አስዋጠችኝ፤ ሳሉ በረደ። በማግስቱ በካሜራ ሲታይ ስፌቱ ደህና ነበር። ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ፣ ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ፣ ደም ከመጣ ወይም ትኩሳት ከያዘ ግን ቤት ውስጥ መጠበቅ የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን ስለ እናቴ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ራሴ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ግን አንድም እሁድ መደወል አልተወችም። የምትጠራኝ በ"አንተ" ነው። ኦፕራሲዮኑን የጉሮሮ ነው፣ ሁለት ሳምንት አልናገርም ብያታለሁ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሙሉውን ግን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

የዝምታዬ ሁለት እሁዶች ላይ እህቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች፣ እናቴ ታወራለች፣ እኔ ብርጭቆ በማንኪያ እመታለሁ። አንዴ ከመታሁ አዎ፣ ሁለቴ ከመታሁ አይ። በመጀመሪያው እሁድ ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር። በሁለተኛው ግን፣ መመለስ እንደማልችል ስላወቀች ይመስለኛል፣ ሌላ ነገር አመጣች። "ስድስት ዓመትህ ላይ ከሴቶቹ ጋር አበባየሆሽ ካልሄድኩ ብለህ አልቅሰህ፣ አባትህ ሳያይ በጓሮ በር የሰደድኩህ ትዝ ይልሃል?" አለች። እህቴ አየችኝ። ብርጭቆውን አንዴ መታሁ። "እኔም ትዝ ይለኛል" አለችና ስለ ጎረቤቷ ላም ቀጠለች።

በሦስተኛው ሳምንት በሰዓት አምስት ደቂቃ እንድናገር ተፈቀደልኝ። የእሁዷን አምስት ደቂቃ ለእሷ አስቀመጥኩ። ድምፄ ገና የሻከረ ነው፤ ግን የድሮው አይደለም። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። በእህቴ ስም ጠራችኝ። "ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? ድምፅሽ ምነው? ያ ልጅ እንዴት ነው፣ መናገር ጀመረ?"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ "አንቺ" ያለችኝ እንዲህ ነው።

"እማዬ፣ እኔው ነኝ። እህቴ ወጥ ቤት ናት" አልኩ። ዝም አለች። ውጭ ውሻ ሲጮህ በስልኩ ይሰማል። ከዚያ "ታዲያ ለምን ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አለችና ራሷም ያለችውን የሰማች ይመስል አሁንም ዝም አለች። ደቂቃዬ አለቀ፤ እህቴ ስልኩን ተቀበለችኝ።

ከዚያ እሁድ ወዲህ እናቴ "እንዴት ናችሁ፣ በላችሁ ወይ፣ ብርድ እንዳይመታችሁ" ማለት ጀምራለች። ብቻዬን ስሆንም እንደዚያው ነው። በብዙ ቁጥር ውስጥ ወንድና ሴት አይለይም። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን እያሰበችበት እንደሆነ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ድምፁ ልጨርስ። በመጀመሪያው ወር ከበፊቱ የባሰ ነው፤ ትንፋሽ የበዛበት፣ የተቆራረጠ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋ። ይህ የሚጠበቅ መሆኑን ያልተነገረው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 122 የነበረው መለኪያዬ በሦስተኛው ወር 178፣ ባለፈው ወር ደግሞ 186 ሆኗል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ መለወጡን ሊቀጥል ይችላል ተብያለሁ። ሥልጠናውን አሁን በአማርኛም እሠራለሁ። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ጉሮሮ ተዘግቶ ገፋ ብለው የሚወጡ ድምፆች መሆናቸውን ለቴራፒስቷ አሰማኋት። በጣም ገረማት፤ ለስላሳ አድርጌ እንድጀምራቸው አብረን መላ ፈጠርን። ማታ ማታ እህቴ በስልክ 15 ደቂቃ ታለማምደኛለች።

ያጣሁትም አለ። ሰውን ከሩቅ መጥራት አልችልም፤ ጫጫታ ያለበት ምግብ ቤት ውስጥ ዝም ብዬ እበላለሁ። ድምፄን መዝግቦ የሚያውቀኝ ባንክ አላወቀኝም፣ እንደገና መመዝገብ ነበረብኝ። ፋርማሲ ውስጥ ግን ስልክ አንሥቼ "እህቴ፣ ስሚኝማ" ስባል ቀኑን ሙሉ አልደክምም።

ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሁሉ አንድ ነገር ከኪሷ እንዳይጠፋ። የአየር መተላለፊያው የፊት ክፍል ስለጠበበ፣ ወደፊት ለማንኛውም ሌላ ኦፕራሲዮን ሙሉ ሰመመን ሲሰጣት የሚገባው ቱቦ ከተለመደው ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ካልሆነ ስፌቱ ሊቀደድ ይችላል። የአፔንዲክስም ይሁን የምጥን ያህል የሚያጣድፍ ሌላ ነገር፣ ለሰመመን ባለሙያው አስቀድሞ መነገር አለበት። እኔ በወረቀት ጽፌ ከመንጃ ፈቃዴ ኋላ አስቀምጬዋለሁ፤ እህቴም ስልኳ ላይ አላት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለ። ቴራፒስቷን እልልታ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ እህቴ ቢሮዋ ውስጥ አሰማቻት፣ ከኮሪደሩ ሰው መጥቶ በር አንኳኳ። ከሳቋ ስትመለስ የክልክል ዝርዝሬን አወጣችና "መጮህ" ከሚለው በታች በራሷ ፊደል ጻፈችው። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በካሜራ አይተን እንወስናለን ብላኛለች።