ኮላው ደርቋል፤ በምን እንላገው?

«ጋዜጠኝነት ተምራችሁ አናጢ ቤት ምን ትሠራላችሁ?» ለምትሉን፣ እንጀራ ነዋ! ከአዝዋ ገደል ቁልቁል ስታዩ የሚዘረጋው ሜዳ ገራዶ ነው። እዚያ ሦስት ሴቶች ሆነን የእንጨት ሥራ ጀምረናል። ሰፊ የዋንዛ ጣውላ እንደ ልብ ስለማይገኝ ጠባብ ጠባቡን በኮላ አጋጥመን ገበታ እንሠራለን። ሞርሳው ሲፈታ ታዲያ መጋጠሚያው ወጣ ገባ ነው፣ ኮላውም ተንጠባጥቧል።

እቁባችን ደርሷል፤ ብሩ የሚበቃው ግን ለአንድ ምርጫ ነው። አንዷ ጓደኛችን ብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ የሚሽከረከርበትን ማለስለሻ ማሽን ካልገዛን ትላለች። ፈጣን ነው፤ ጩኸቱም ሀብታም ያስመስላል። ግን ማለስለስና ማስተካከል ለየቅል ናቸው። ማሽኑ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም ተከትሎ ይፍቃል፤ አንድ ቦታ ካቆዩት ደግሞ ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። የተንጠባጠበው ኮላ በሙቀት ይለሰልስና ወረቀቱን ይደፍነዋል። መብራት የጠፋ ቀንስ? እሱን ተዉት።

ረጅም የእጅ መላጊያ ግን ታቹ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጎድጓዳውን ተሻግሮ ጉብታውን ብቻ ይቆርጣል። ኮላውን እንደ ማስቲካ ሳለ በመሮ ማንሳት ነው፤ ከደረቀ ስለቱን ይሸርፋል። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች በገበታው ጫፍና ጫፍ አቁማችሁ ዝቅ ብላችሁ እዩ፤ ጠርዛቸው ካልገጠመ ገበታው ተጣሟል። መጀመሪያ በሰያፍ፣ ቀጥሎ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይላጋል። ብርጭቆ ወረቀት ከዚያ በኋላ ነው፤ 80፣ 120፣ 180 ቁጥር።

ማሽን ያላቸው ቤቶች ጋ በክፍያ ማስላግም ይቻላል፤ ሰፊ ገበታ ግን በማሽኑ አፍ አይገባም። በሁለት ግማሽ አስልጎ የመጨረሻዋን መጋጠሚያ በእጅ መጨረስ ነው። ጎረቤታችን አዛውንቱ አናጢ ደግሞ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ሞርሳ ስትጨምሩ መላጊያው ይቀላችኋል» ይሉናል።

የመጀመሪያው ትእዛዛችን ለኮምቦልቻ የሚሄድ የምግብ ጠረጴዛ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ብርድ ውስጥ የከረመ እንጨት ሙቀት ሲያገኝ እርጥበቱን ይለቅና ይጣመማል፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢላግ። ስለዚህ ገበታውን ሁለቱም ፊቱ ነፋስ እንዲያገኘው በጎኑ አቁመነዋል።

ብሩ ለመላጊያ፣ ለመለዋወጫ ስለትና ለሞርሳ ተመድቧል። የማሽኗ ደጋፊ አሁንም አላመነችም። ቅዳሜ እጅጌዋን ሰብስባ እንድትመጣ ነግረናታል።